ኢታቺ ወይስ ሳስኬ? የአንድ ቤት ልጆች ፍልሚያ ለምን ፍርድ አያገኝም

በባሕር ዳር የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች በሚያዘወትሯቸው ጭማቂ ቤቶችና በሐይቁ ዳር ባሉ ቡና ቤቶች፣ ከእግር ኳስ ቀጥሎ ወጣቱን ጎራ ለይቶ የሚያከራክረው ርዕስ በአኒሜ (በጃፓን የካርቱን ፊልሞች) እና በተከታታይ ፊልሞች ውስጥ ካሉ የአንድ ቤተሰብ አባላት ማን ማንን ይጥላል የሚለው ነው። የናሩቶ ታሪክ ወንድማማቾች ኢታቺና ሳስኬ ዳግም ቢገጥሙ ማን ይረታል? የድራጎን ቦሉ ጎኩ ከልጁ ከጎሃን ጋር ቢፋለም ማን በእግሩ ይቆማል? ከሩቅ ለሚሰማው ሰው ሥራ የፈታ ሰው ወሬ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ያዳመጠ ግን ተከራካሪዎቹ የሚሟገቱት ስለ ማስረጃ፣ ስለ ታላቅና ታናሽ ወግ፣ ደራሲም ለተመልካቹ ስላለበት ግዴታ መሆኑን ይረዳል፤ ጡንቻው ሰበብ ነው።

የሙግቱ አካሄድ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሥርዓት ባለጉዳዮች በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ እየተወራረዱ ነገራቸውን በቃል ያቀርቡ ነበር፤ ዳኛ በአቅራቢያ ባይገኝም አላፊ አግዳሚውን አስቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር። ዛሬ በጭማቂ ቤት የሚሆነው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ውርርዱ የተረታው የሚከፍለው አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ ነው፤ ዳኛውም ቦርሳውን ከትከሻው ሳያወርድ ከበር ላይ የሚያዝ አዲስ መጪ ነው። «ና እስቲ አንተ ፍረድ፤ ኢታቺ ጤነኛ ሆኖ ቢገጥመው ሳስኬ ይችለው ነበር?» ይሉታል። ወንበር ስቦ ከመቀመጡ በፊት ሁለቱም ወገኖች ስልካቸውን አውጥተው የፍልሚያውን ቅንጫቢ ያሳዩታል፤ እያንዳንዱ የሚያሳየው ግን የእርሱ ሰው ሲመታ ያለውን ብቻ ነው። የጥንቱ የመንገድ ዳኛ ቢያንስ የሁለቱንም ወገን ቃል እስከ መጨረሻው ይሰማ ነበር።

ይህ ክርክር ተደጋግሞ የሚነሣውና ተደጋግሞም ሳይፈታ የሚቀረው ተከራካሪዎቹ ስለማያውቁ አይመስለኝም፤ አብዛኞቹ የሚከራከሩበትን ታሪክ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ችግሩ ያለው ማስረጃ አድርገው በሚያቀርቡት ነገር ላይ ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ከምናያቸው ፍልሚያዎች ሁሉ የማን ጉልበት እንደሚበልጥ ለማወቅ እጅግ የማይረዳው፣ ዘመድ ከዘመዱ ጋር የሚያደርገው ነው። ደራሲ ባዳን ከባዳ ጋር ሲያጋጥም የኃይልን ጥያቄ ሊመልስ ይችላል። አባትን ከልጅ፣ ወንድምን ከወንድም ሲያጋጥም ግን የሚፈታው የቤት ነገር ነው፤ ውርስ አለበት፣ የቆየ በደል አለበት፣ ያልተነገረ ፍቅር አለበት። ስለዚህም አንዱ እጁን ይሰበስባል፣ ወይም ታምሞ ይመጣል፣ ወይም ስሙን ይደብቃል፣ አለዚያም የጣለውን ይምራል። አድናቂው «አየኸው፣ ጣለው!» ብሎ የሚጠቅሰው ትዕይንት ከተጻፈበት ዓላማ የተነሣ ለዚህ ፍርድ የማይበቃ ምስክር ነው።

ኢታቺንና ሳስኬን በዝርዝር ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ማሳሺ ኪሺሞቶ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 በጃፓን በሥዕላዊ ታሪክ መልክ ባወጣው ናሩቶ ውስጥ፣ ኢታቺ የራሱን ጎሳ የኡቺሃን ሰዎች በአንድ ሌሊት ፈጅቶ ታናሽ ወንድሙን ሳስኬን ብቻ ያስተርፋል። ታናሽየው ቂሙን ይዞ ያድጋል፣ ታላቁን ፈልጎ ያገኛል፣ ይገጥመዋልም። በመጨረሻ ኢታቺ ይወድቃል፤ ሳስኬ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ቆሞ ይታያል። ቅንጫቢውን ብቻ ያየ ሰው ፍርዱን የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ቆሟል፣ አንዱ ሞቷል፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ታሪኩን እስከ ጫፍ የተከተለ ግን ሌላ ነገር ያውቃል። ኢታቺ ለፍልሚያው የመጣው በጽኑ ሕመም ተይዞ ነው፤ የዓይኑም ብርሃን እየደከመ ነበር። የወንድሙን ዓይን ሊነጥቅ የመጣ ጨካኝ መስሎ ሲዋጋ፣ ልፋቱ በሳስኬ ሰውነት ውስጥ ተሸሽጎ የነበረውን የክፉውን ተዋጊ የኦሮቺማሩን ርዝራዥ አስወጥቶ ለማጥፋት ነበር። ወደ ግድግዳው እየተንገዳገደ የቀረበው ኢታቺ እጁን ሲዘረጋ ሳስኬ ዓይኑ ሊወጣ ነው ብሎ ይርዳል፤ የተዘረጋው እጅ ግን በልጅነታቸው ታላቅየው «ሌላ ጊዜ» እያለ እንደሚያደርገው የታናሹን ግንባር በሁለት ጣት መታ አድርጎ በደም አስነክቶ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው ሞቱ። ቆይቶም ጎሳውን ያጠፋው በመንደሩ ሹማምንት ትእዛዝ እንደነበርና ሳስኬን ግን መግደል አቅቶት እንደተወው ይገለጣል፤ ኢታቺ ቢፈልግ ኖሮ ሳስኬ በሕይወት እንደማይተርፍም በታሪኩ ውስጥ በቀጥታ ይነገራል። እንግዲህ በዚያ ቀን ማን አሸነፈ? በወንድሙ እጅ መሞት የፈለገው ያሰበው ደረሰለት፤ ሊገድል የመጣው ግን የገደለው ያሰበውን ሰው እንዳልነበረ ሲያውቅ ድሉ በእጁ ላይ ፈረሰ።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ልዩነት የባሰ የሚሰፋበት ተጨማሪ ምክንያት አለ። ብዙ ተመልካች እነዚህን ሥራዎች የሚያገኘው ፍላሹን ወይም ሜሞሪውን ይዞ ፊልም የሚጭኑ ሱቆች ጋ በመሄድ ነው፤ ቦታ የበቃውን ያህል ክፍል ይጫንለታል፣ ቀሪው ለሌላ ጊዜ ይተርፋል። አንዱ የኢታቺን ሞት አይቶ ፍላሹ አልቆበታል፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ያለውን የምሥጢሩን መገለጥ አይቷል፤ ሦስተኛው ደግሞ መካከሉን ዘልሎ መጨረሻውን ብቻ ተመልክቷል። ሦስቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሲሟገቱ የሚከራከሩት ስለ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ነው ማለት ይቻላል። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ማን እስከ የት እንዳየ ሳይጠያየቁ የሚጀመር ሙግት ጭማቂው ሲያልቅም አያልቅም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የቁጥር ማስረጃ ነው። በተለይ የድራጎን ቦል ወዳጆች «ፓወሩ ይህን ያህል ነው» ማለት ይወዳሉ። አኪራ ቶሪያማ እ.ኤ.አ. በ1984 ጀምሮ በ1995 በጨረሰው በዚህ ሥራ ውስጥ፣ ከሌላ ዓለም የመጣው ራዲትዝ ዓይኑ ላይ በሚያደርገው መሣሪያ የሰውን ጉልበት በቁጥር ይለካል። ራዲትዝ የጎኩ ታላቅ ወንድም ነው። መሣሪያው ጎኩ የከበዱ ልብሶቹን ካወለቀ በኋላ 416 ሲያሳይ፣ አባቱ ሲመታ አይቶ በቁጣ ለገነፈለው ለአራት ዓመቱ ጎሃን ግን 1,307 ያሳያል። በቁጥሩ ከሄድን ገና አፉን ያልፈታ የሚመስለው ሕፃን አባቱን ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል ማለት ነው፤ ይህን የሚል ተከራካሪ ግን አንድም አልሰማሁም። ቁጥሩ የለካው የልጁን ቁጣ እንጂ የልጁን ችሎታ አይደለም፤ ለዚህም ነው ጎሃን አጎቱን አንድ ጊዜ ከመታ በኋላ ወዲያው የደከመው። ደራሲው ራሱ ነገሩን የታዘበ ይመስላል፤ ቁጥሮቹ ፍሪዛ በተባለው ጠላት ዘመን 530,000ን አልፈው ከዚያ እየተተዉ ሄዱ። አድናቂው ግን ደራሲው የጣለውን መለኪያ አንሥቶ እስከ ዛሬ ይለካበታል።

በዚያው ፍልሚያ ውስጥ ያለው ሌላው ነገር ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ ይናገራል። ጎኩ የወንድሙን ጭራ ይይዛል፤ ጭራው የተያዘ ሳይያን (የሁለቱ ወንድማማቾች ዘር ነው) ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። ራዲትዝ ግን «ወንድምህ እኮ ነኝ፣ ተወኝ፣ ወደመጣሁበት እሄዳለሁ» ብሎ ይማጸናል። ጎኩ ይለቀዋል። እንደተለቀቀም ያው ወንድም ይረግጠዋል። በመጨረሻ ጎኩ ወንድሙን ከኋላው ጠምዝዞ ይይዝና በዚያ ፍልሚያ አጋሩ የሆነው የፒኮሎ ጨረር ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይበሳቸዋል፤ ሁለቱም ይሞታሉ። ይህን አይቶ «ራዲትዝ ይበልጣል» ወይም «ጎኩ ይበልጣል» የሚል ሰው ዋናውን ነገር አልፎታል፤ ጭራውን ያስለቀቀው ጉልበት አልነበረም፣ «ወንድምህ» የሚለው ቃል ነበር። ባዳ ቢሆን ኖሮ ጎኩ አይለቀውም ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ርኅሩኅ ነውና። ደራሲው ልመናውን በወንድም አፍ ማድረጉ ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

የአባትና የልጁ ጉዳይ ከወንድማማቾቹ ይለያል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ መበለጥ ሽንፈት አይደለም። ሴል ከተባለው ጠላት ጋር በተደረገው ውድድር ጎኩ ራሱ ገጥሞ አየና «በቃኝ፣ ተሸንፌያለሁ» ብሎ ልጁን ላከ፤ ልጁ ከእርሱ እንደሚበልጥ ከሁሉ በፊት ያወቀው አባት ነበር። ጎሃን ኃይሉ በተገለጠ ጊዜ ጠላቱን ቶሎ መጨረስ ሲገባው ሊያሠቃየው ፈለገ፤ በዚያ መዘግየት ሴል ራሱን ለማፈንዳት ተነሣ፣ ጎኩም ምድርን ለማዳን ይዞት ሄዶ ሞተ። ሴል ተመልሶ ሲመጣ ጎሃን በአንድ እጁ የለቀቀው የመጨረሻው ምት የአባቱ መንፈስ ከጎኑ ቆሞ እያበረታው የተለቀቀ ነው። እንዲህ ያለውን ድል በልጁ ስም ብቻ መመዝገብ ይቻላል? በእኛ አጠራር ቢሆን ልጁ «ጎሃን ጎኩ» ተብሎ ስለሚጠራ ቢያሸንፍም የተሸናፊውን ስም ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ቶሪያማ ከዚህ በኋላ ጎሃንን ዋና ባለታሪክ ለማድረግ አስቦ እንደነበርና ለቦታው እንደ አባቱ እንደማይስማማ ስለተሰማው እንደተወው ተናግሯል። ስለዚህ ጎኩ በቀጣዮቹ ክፍሎች ወደ ላይ የወጣው ልጁን በትግል ጥሎ ሳይሆን ደራሲው ወንበሩን ስለመለሰለት ነው። «የትኛው ጎሃን?» ሳይባል የሚጀመር ክርክርም ከንቱ ነው፤ ሴልን የገጠመው ልጅ፣ ከዚያ በኋላ ልምምዱን ትቶ መጽሐፍ የያዘው ወጣት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ፊልም አዲስ ደረጃ ላይ የደረሰው አባወራ አንድ ሰው አይደሉም።

ይህ የአኒሜ ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት አንድ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይበቃል። ፋርሳዊው ባለቅኔ ፊርዶውሲ እ.ኤ.አ. በ1010 ገደማ በጨረሰው ሻህናሜ ውስጥ ጀግናው ሩስታምና ልጁ ሱህራብ ሳይተዋወቁ በጦር ሜዳ ይገናኛሉ። ልጁ ጥርጣሬ ገብቶት «ሩስታም አንተ ነህን?» ብሎ ይጠይቃል፤ አባት ስሙን ይክዳል። በሁለተኛው ቀን ትግል ሱህራብ ሩስታምን ጥሎ ደረቱ ላይ ይቀመጣል፣ ጩቤውንም ይመዛል። ሽማግሌው ተዋጊ ግን «በእኛ ወግ መጀመሪያ የጣለ አይገድልም፤ የሚገድለው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጥል ነው» ብሎ ያታልለዋል፤ ወጣቱም አምኖ ይለቀዋል። በሚቀጥለው ግጥሚያ ሩስታም ይጥለውና ያንን ወግ ለራሱ ሳይጠብቅ ወዲያው ይወጋዋል። ሱህራብ እየሞተ «አባቴ ሩስታም ይበቀልልኛል» ሲልና የክንዱን ጌጥ ሲያሳይ ነው አባት የገዛ ልጁን እንደገደለ ያወቀው። የጭማቂ ቤቱ ዳኛ ይህን ፋይል ቢያቀርቡለት ምን ይፈርድ ይሆን? መጀመሪያ የጣለው ልጁ ነው፤ በሕይወት የቀረው አባት ነው፤ ያሸነፈ ግን የለም።

በስታር ዋርስም እ.ኤ.አ. በ1980ው ፊልም አባት የልጁን እጅ ይቆርጣል፣ በ1983ው ደግሞ ልጅ የአባቱን እጅ ይቆርጥና መሣሪያውን ወርውሮ ለመግደል እምቢ ይላል። በጌም ኦፍ ትሮንስ አድናቂዎች ለዓመታት የጠበቁት የክሌጌን ወንድማማቾች ፍልሚያ በ2019 ሲደርስ ሁለቱም ተያይዘው እሳት ውስጥ ወደቁ፤ የታናሽየው ፊት በልጅነቱ የተቃጠለው በዚያው ወንድሙ እጅ መሆኑን ለሚያውቅ ከዚህ ሌላ መጨረሻ ሊኖረው አይችልም ነበር።

«ታዲያ ለምን ትደክማላችሁ፣ የሚያሸንፈው ደራሲው የፈለገው ነው» የሚል መልስ አለ። የማርቭል ገጸ ባሕርያትን ከፈጠሩት አንዱ የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ያረፈው ስታን ሊ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ይህንኑ ይመልስ ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚያሳርፍ አይደለም፤ ጭማቂ ቤት ውስጥ ይህን የተናገረ ሰው «ጨዋታ አታበላሽ» ተብሎ የሚገሠጸውም በአግባቡ ይመስለኛል። ደራሲ የፈለገውን ማድረግ ቢችልም ያደረገውን ሁሉ ተመልካች አያምንለትም። ትናንት ተራራ የፈነቀለውን ሰው ዛሬ በድንጋይ ቢጥለው ምክንያት ማቅረብ አለበት፤ ካላቀረበ ተመልካቹ ያኮርፋል። የአድናቂው ሙግት ደራሲውን በራሱ ቃል መያዝ ነው፤ ይህም አንባቢ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራው የኖረው ሥራ ነው።

ለጣና ዳር ሰው አሸናፊን ከጡንቻ ሳይሆን ከምልክት ማንበብ አዲስ ነገር አይደለም። በዘጌ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ ሥዕሎች ያየ ሰው፣ ደጋጎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎቹ ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን እንደሚሣሉ ያስተውላል፤ ፈረሰኛው ጦሩን ከመስበቁ በፊት ነገሩ የት እንደሚያበቃ ይታወቃል። ያ የእምነት ጉዳይ ነውና ከመዝናኛ ጋር አላስተካክለውም፤ የማነሣው የአሣሣል ሥርዓቱን ብቻ ነው። በአኒሜም የኡቺሃዎች ዓይን ሲቀላ፣ የጎኩ ፀጉር ወርቅ ሲመስል ሠዓሊው ለተመልካቹ ቃል እየገባ ነው። ተከራካሪው የሚናደደው ዓይኑ ቀልቶ ምልክቱ ከተሰጠ በኋላ ሰውየው ሲሸነፍበት ነው፤ ያን ጊዜ «ደራሲው አጭበረበረ» ይላል።

በአጋጣሚ የጎጃም ሰው በእጁ የራሱ ምሳሌ አለው። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻንና ዘመዳቸውን ጉዱ ካሳን ብናጋጥም ጦር በመወርወር ማን እንደሚበልጥ ለመናገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አንባቢ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ማን ማንን ሲረታ እንደኖረ ያውቃል፤ የካሳ ምላስ የመታውን የፊታውራሪ ጋሻ አልመከተውም። አንድ የፖሊ ተማሪ ይህን ምሳሌ ሲሰማ «እሱ ግን ፓወር አይባልም» ብሎ መለሰ። ለምን እንደማይባል ሲጠየቅ ግን የኢታቺ ዋና ኃይል ሰውን በእጁ ሳይነካ በዓይኑ ብቻ አእምሮውን ማሠር መሆኑን ጓደኞቹ አስታወሱት፤ እየሣቀ ስፕሪሱን ከፈለ።

ፍርድ ስጥ ብባል መስፈርቴ አጭር ነው። ዘመድ ከዘመዱ ያደረገውን ፍልሚያ ከማስረጃ አወጣለሁ፤ እያንዳንዱ ከባዳ ጋር፣ ሳይታመምና ሳይራራ ያደረገውን እወስዳለሁ፤ የትኛው ዘመኑ እንደሆነም አስቀድሜ አስወስናለሁ። በዚህ ሚዛን በታሪኩ መጨረሻ ላይ ያለው ሳስኬ በጉልበት ከኢታቺ ይበልጣል፤ በዚያ በተፋለሙበት ቀን ግን ኢታቺ ጤነኛ ሆኖ የመግደል ሐሳብ ቢኖረው ሳስኬ አይተርፍም ነበር። ሴልን የገጠመው ጎሃን የዚያን ዘመን አባቱን ይበልጣል፤ ይህንን ጎኩ በራሱ አፍ ስለመሰከረ ክርክር አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ማን እንደሚበልጥ ግን ቶሪያማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ዓ.ም. ስላረፈ ከእንግዲህ የሚወስኑት ሥራውን የተረከቡት ናቸው፤ እነርሱ የሚጽፉትን ደግሞ አድናቂው እንደ ቶሪያማ ቃል ይቀበለው እንደሆነ ራሱን የቻለ ሌላ ሙግት ነው፤ በጭማቂ ቤቶቹም ከወዲሁ ተጀምሯል።